«ደረቅ»ና «ጠጣር»፦ የሁለት የኮምፒዩተር ማከማቻዎች ስያሜ ታሪክ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ጎን ለጎን የሚገጠሙ የሁለት ዕቃዎችን ስያሜ ነው። አንደኛው በገበያና በቢሮ «ሃርድ ዲስክ»፣ ሲያጥርም «ሃርድ» ይባላል፤ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ስሙ መነሻ ፊደላት «ኤስኤስዲ» እየተባለ ይጠራል። የሁለቱም ተግባር አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የማይጠፋ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ድምፅ ይይዛሉ። የአያያዛቸው መንገድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩን የሚያደራጀው ሰው አንዱን ከሌላው አጥርቶ መለየት አለበት።

ምርመራችንን በአንድ የታወቀ አካባቢ ላይ መሥርተናል፤ ይኸውም መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም ቦረና፣ አማራ ሳይንት፣ ለጋምቦና መቅደላ ነው። አካባቢውን የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የከተማዋ ስም ዛሬ የኮምፒዩተር ቃላት ተርጓሚዎች በሚሠሩበት የስያሜ ስልት የቆመ ነው። ሁለተኛ፣ የሀገሩ ከፍታ ከሁለቱ ዕቃዎች በአንዱ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ኃይል አለው። ሦስተኛ፣ መዛግብት በአንድ ስፍራ ብቻ ሲከማቹ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል የዚህ ደጋ ታሪክ ይመሰክራል። በዚያም ላይ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ ወዲህ፣ ኮምፒዩተር ገጣጥሞ ሥራ ላይ የሚያውል ወጣት በአካባቢው እንግዳ አይደለም። የምንተረጉመው መመሪያ አንባቢም እሱ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የቴክኒክ ዕቃ ስም ሲተረጎም መተርጎም ያለበት የእንግሊዝኛው ቅጽል ሳይሆን የዕቃው ጠባይ ነው። ቅጽሉ ብቻ ከተተረጎመ ለአማርኛ አንባቢ የሚደርሰው በሌላ ቋንቋ ውስጥ አንድ ጊዜ ያስፈለገና ዛሬ ግን የተረሳ ንጽጽር ይሆናል።

1. «ሃርድ» የተባለው ከምን ለመለየት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካው አይቢኤም ኩባንያ «ራማክ» ለተባለው ኮምፒዩተር ያወጣው ማከማቻ 50 ዝርግ የብረት ክቦች ነበሩት። የእያንዳንዱ ክብ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የማከማቻው ክብደት ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ብቻ ነበር። ክቦቹ በማግኔት ሊጻፍበት በሚችል ነገር ተለብጠው በአንድ ዘንግ ላይ ይሽከረከራሉ፤ የማንበቢያው ክንድ ወደሚፈለገው ክብ እየሄደ ያነባል፣ ይጽፋል። በዚያን ጊዜ ይህን ዕቃ ከሌላ ዲስክ ለመለየት «ሃርድ» የሚል ቅጽል አላስፈለገም።

ቅጽሉ ያስፈለገው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ያው ኩባንያ ከቀጭን ፕላስቲክ የተሠራ ተጣጣፊ ዲስክ ለገበያ አቀረበ፤ በሀገራችን «ፍሎፒ» ተብሎ የታወቀው የዚህ ዝርያ ነው። ተጣጣፊው ከመጣ በኋላ የቀድሞው «የማይተጣጠፈው» መባል ነበረበት፤ «ሃርድ» ማለትም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጌት የተባለው ኩባንያ በትንሽ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገጠም፣ 5 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ ሲያወጣ ተጣጣፊውና የማይተጣጠፈው በአንድ ሳጥን ውስጥ ተጎራብተው መሥራት ጀመሩ፤ ንጽጽሩም ለተጠቃሚው ትርጉም ነበረው።

እንዲህ ያለው ስያሜ በአማርኛም አለ። ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመምጣቱ በፊት «የመስመር ስልክ» ማለት አያስፈልግም ነበር፤ ስልክ ስልክ ነበር። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ቅጽል ተጨመረለት። ልዩነቱ የመስመር ስልክ ስንል ሁለቱን ስልኮች የምናውቅ መሆናችን ነው። ፍሎፒ ግን ከሥራ ከወጣ ቆይቷል፤ «ሃርድ» የሚለው ቅጽል ተነጻጻሪውን አጥቶ ብቻውን ቀርቷል።

2. «ሶሊድ» የተባለውስ?

የሁለተኛው ስም ታሪክ ከሌላ ምንጭ ይቀዳል። የቀድሞዎቹ ሬዲዮኖችና ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት አየር በወጣላቸው የመስታወት ቱቦዎች ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በቱቦው ውስጥ ባዶ ቦታ አቋርጦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ግን ያው ሥራ በጠጣር ቁስ ውስጥ መከናወን ጀመረ። «ሶሊድ ስቴት» የሚለው ስያሜ ቴክኒኩን ከባዶው ቱቦ ለመለየት የዋለ ነው፤ ስለ ዕቃው ጥንካሬ የሚናገረው ነገር የለም።

ዛሬ በኤስኤስዲ ውስጥ የሚገኘውን «ፍላሽ» የተባለውን የማከማቻ ዓይነት የፈለሰፈው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው፤ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዓለም አስተዋወቀው። «ፍላሽ» የሚለውን ስም ያመነጨው የሥራ ባልደረባው ሲሆን፣ መነሻውም የተጻፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ መደምሰሱ የካሜራ ብልጭታን ስላስታወሰው ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በዚህ ቴክኒክ የተሠራ፣ 20 ሜጋባይት የሚይዝና ዋጋው 1000 ዶላር ገደማ የሆነ ማከማቻ ለገበያ ቀረበ። ውስጡ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም አካል የለውም፤ መረጃው የሚያዘው ጥቃቅን በሆኑ ሕዋሳት ውስጥ በሚታቆር የኤሌክትሪክ ክምችት ነው።

እንግዲህ ሁለት ስሞች አሉን። አንደኛው ከተጣጣፊ ፕላስቲክ፣ ሁለተኛው ከባዶ ቱቦ ለመለየት የወጡ ናቸው። አንዱን ከሌላው ለመለየት የወጣ ስም ግን የለም።

3. ሁለቱ ቅጽሎች በአማርኛ ሲገናኙ

ተርጓሚው ሁለቱን ስሞች ቃል በቃል ቢመልስ «ሃርድ» ደረቅ ወይም ጠንካራ፣ «ሶሊድ» ደግሞ በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት እንደ ተለመደው ጠጣር ይሆናል። በትምህርት ቤት ጠጣር ከፈሳሽና ከጋዝ ጋር ሲነገር ግልጽ ነው። በጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች አንዱን «ደረቅ ማከማቻ»፣ ሌላውን «ጠጣር ማከማቻ» ብንል ግን አንባቢው ሁለቱም ጠንካሮች መሆናቸውን ብቻ ይረዳል። በእንግሊዝኛ ተለያይተው የኖሩት ቅጽሎች በአማርኛ አንድ ቤት ይገባሉ።

«ደረቅ» ደግሞ በአማርኛ የራሱ ኑሮ ያለው ቃል ነው። ደረቅ እንጀራ፣ ደረቅ ሌሊት፣ ደረቅ ወደብ፣ ደረቅ ቼክ እንላለን። ደረቅ ቼክ ስንቅ የሌለው ቼክ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «ደረቅ ዲስክ» የሚለውን አንብቦ «ምንም ያልተጻፈበት ዲስክ» ብሎ ቢተረጉም አይፈረድበትም። በዚህ አተረጓጎም ዲስኩን ቢደመስሰው ግን ጉዳቱ ከቋንቋ ክርክር ያለፈ ነው፤ የተማሪዎች ውጤት፣ የገጠር መሬት ይዞታ መዝገብ ወይም የአንድ ቤተሰብ የሃያ ዓመት ፎቶግራፍ በዚያ ላይ ሊኖር ይችላል።

በአማርኛ በተዘጋጁ የኮምፒዩተር ገጾች ለ«ድራይቭ» የሚሰጠው «አንጻፊ» የሚለው ቃልም ለዚህ አይረዳም። አንባቢው ቃሉን ከ«አነጠፈ»ና ከ«ምንጣፍ» ጋር ሊያዛምደው ይችላል፤ ከማከማቸት ጋር የሚያያይዝበት መንገድ ግን አያገኝም።

4. ስያሜው በሥራ ላይ ሲፈተን

የቴክኒክ ስያሜ የሚፈተነው መመሪያ ሲሆን ነው። ሁለቱን ማከማቻዎች በአንድ ኮምፒዩተር የማደራጀት ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ሳጥኑ ይከፈታል። ኤስኤስዲው እንደ ዓይነቱ በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ጠባብ ማስገቢያ ይሰካል፣ ወይም እንደ ሃርድ ዲስኩ በሁለት ገመዶች፣ አንዱ ለመረጃ አንዱ ለኃይል፣ ይያያዛል። ሃርድ ዲስኩ እንዳይንቀጠቀጥ በብሎን ጠብቆ ይታሰራል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ይነሣና በመጀመሪያው የማስተካከያ ገጽ ላይ ሁለቱም መታወቃቸው ይረጋገጣል።

ሥርዓተ ክወናው የሚጫነው በኤስኤስዲው ላይ ነው። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 120 ዙር ያደርጋል፤ የሚፈለገው ቦታ በማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም ከአንድ ሴኮንድ አንድ ሺኛ አራት እጅ ያህል፣ መጠበቅ ግድ ነው። ክንዱ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመር መዘግየቱ ይበዛል። ኤስኤስዲው የሚጠብቀው ዙር ስለሌለ የዚህን ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ይወስዳል። ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ደረጃ የሃርድ ዲስኩን ገመድ ነቅለው ያቆያሉ፤ የማስነሻው ክፍል ሳይታሰብ በእሱ ላይ እንዳይጻፍ ነው። ሥርዓተ ክወናው ከተጫነ በኋላ ሃርድ ዲስኩ ይመለሳል፤ አዲስ ከሆነም ተከፋፍሎ ፎርማት ይደረጋል። የሰነድ፣ የፎቶግራፍና የቪዲዮ አቃፊዎች በመጨረሻ ወደ እሱ ይዛወራሉ፤ ብዙ ቦታ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኘው በእሱ ነውና።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት የገበሬው ቤት ምሳሌ ይሆነናል። ጎታ በቤት ውስጥ ለእጅ ቀርቦ የሚቀመጥ፣ ለዕለት ፍጆታ የሚጨለፍበት ነው፤ ጎተራ በደጅ የሚቆም፣ ብዙ የሚይዝና ለመድረስ ጥቂት እርምጃ የሚጠይቅ ነው። የወሎ ገበሬ ሁለቱን የሚለየው በሥራቸው እንጂ በጭቃቸው ድርቀት አይደለም።

በዚህ አንቀጽ የተጠቀምንባቸውን ግሶችም አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። «ጫነ» የበቅሎና የአህያ ጭነት ቃል ነበር፤ «ተነሣ»ና «አስነሣ»ም ከሰውና ከከብት ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ኮምፒዩተር ተሻገሩ። ሁሉም ሰው የሚግባባባቸው በሥራው ጠባይ ላይ ስለ ቆሙ ነው።

5. የደጋው ከፍታና የሚዞረው ዲስክ

በሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ከሚዞረው ክብ ጋር አይነካካም። ክቡ ሲዞር የሚፈጠረው የአየር ንጣፍ ከላይ ያንሳፍፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖ ሜትር የሚለካ ነው። አየር ሲሳሳ ንጣፉ ይደክማል፤ ማንበቢያውም ወደ ክቡ ይጠጋል። ስለዚህ አምራቾች በአየር ለሚሠሩ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን ይጽፋሉ፤ ወሰኑም በተለምዶ 3000 ሜትር ያህል ነው።

ይህ ቁጥር በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ትርጉም የለውም። ለመካነ ሰላም ግን አለው። ከተማዋ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከወሰኑ በታች ናት፤ በዙሪያዋ ያለው የለጋምቦና የአማራ ሳይንት ደጋ ግን በብዙ ስፍራ ከ3000 ሜትር ያልፋል። በውርጩ ደጋ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ኮምፒዩተር የሚያደራጅ ሰው ወሰኑን ማንበብ አለበት፤ አየር ሳይሆን ሒሊየም ታሽጎባቸው የሚሠሩ ዲስኮች መኖራቸውን፣ ኤስኤስዲም የአየር ንጣፍ እንደማያስፈልገው ማወቅ ይገባዋል። በኮረኮንች መንገድ የሚጫን ዲስክም ሲመታ ማንበቢያው ክቡን ሊቧጥጠው ይችላል፤ እየዞረ ሳለ ከተመታ ጉዳቱ የባሰ ነው።

እንግዲህ «ሃርድ» ወይም «ደረቅ» የሚለው ስም ዕቃው ምት የሚችል ያስመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ከሁለቱ ለምት የሚሰጋለት እሱ ነው። ስሙ መዞሩን ቢናገር ኖሮ ሰሚው ጥንቃቄውን ከስሙ ባገኘ ነበር።

6. መካን፣ ማኅደር፣ ማከማቻ

ወደ ስያሜው ስልት እንመለስ። «መካነ ሰላም» ማለት የሰላም ስፍራ ነው። በግዕዝ ሥርዓት «መካን» የሚለው ቃል ዘርፍ ሲይዝ የመጨረሻ ፊደሉ ከሳድስ ወደ ግዕዝ ይለወጣል። «መካን» ብቻውን በአማርኛ የማይወልድ ማለት ስለ ሆነ፣ በስፍራነቱ የሚኖረው በዘርፍ ሲታሰር ነው፤ መካነ መቃብር፣ መካነ አራዊት፣ በቅርቡም መካነ ድር እንደሚባለው። «ማኅደረ ትውስታ» የተሠራው በዚሁ ስልት ነው።

«ማኅደር» ከግዕዙ «ኀደረ» የወጣ ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ በቤተ ክህነት የብራና መጽሐፍ የሚገባበትን የቆዳ ከረጢት ይጠራበታል። የቃሉን ክብደት ለመረዳት ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን መቅደላን ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎች ስፍራዎች ብዙ መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ንብረቱ ተዘረፈ፤ ለማጓጓዝም 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። መጻሕፍቱን ማኅደራቸው ከአየርና ከአቧራ ጠብቋቸዋል፤ በአንድ አምባ ከመከማቸት አደጋ ግን ሊያድናቸው አልቻለም። ሁለት ማከማቻ በአንድ ሳጥን ውስጥ መግጠምም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነትና ስፋት ይሰጣል፣ ሳጥኑ ሲሰረቅ ወይም ሲቃጠል ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ተጨማሪው ቅጂ ከሳጥኑ ውጭ መኖር አለበት።

ወደ ቃሉ ስንመለስ፣ «ማኅደረ ትውስታ» በዛሬው የስልክና የኮምፒዩተር ገጽ የተሰጠው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ያለውን ሁሉ ለሚለቀው ለ«ራም» ነው። በሥርወ ቃሉ ብንሄድ ማደሪያ መባል ያለበት የሚያሳድረው ዲስክ ነበር፤ ራም ምንም አያሳድርም። ገበያው ደግሞ በተቃራኒው «ሚሞሪ» የሚለውን የውሰት ቃል በስልክ ለምትገባው የማከማቻ ካርድ አውሎታል። ይሁን እንጂ «ማኅደረ ትውስታ» ለራም፣ «ማከማቻ» ለዲስኩ ወገን እየተለመዱ ስለ ሆነ የተተከለውን መንቀል ጥቅም የለውም። እኛም «ማከማቻ»ን መነሻ አድርገን ቅጽሉን ብቻ እንፈልጋለን።

7. የምናቀርበው ስያሜ

ለሚዞረው ዲስክ መጀመሪያ የሚመጡት ቃላት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ተይዘዋል። «ተሽከርካሪ» መኪና ሆኗል። «ዘዋሪ» መኪናውን የሚነዳው ነው። «ተዘዋዋሪ» በገንዘብና በችሎት ሥራ ላይ ነው። የቀረው «ዟሪ» ነው፤ አጭር ነው፣ ከ«ዞረ» መውጣቱ ለማንም ግልጽ ነው፣ «ዟሪ ዲስክ» ሲባልም ዲስኩ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል።

ለሁለተኛው «ቋሚ» የሚለውን አንመርጥም፤ ዟሪውም መረጃን በቋሚነት ይይዛልና። የምናቀርበው «ርጉ ማከማቻ» የሚለውን ነው። «ረጋ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው ከመንቀሳቀስ ማረፍ ነው፣ ርጉ ሰው እንደምንለው። ሁለተኛው ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት መሄድ ነው፣ የረጋ ወተትና የረጋ ቅቤ እንደምንለው፤ «እርጎ»ም ከዚሁ ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ ያለው የጠጣርነት ሐሳብና በዕቃው ውስጥ ያለው አለመንቀሳቀስ በአንድ የአማርኛ ግስ ተገናኝተው ይገኛሉ። «ርጉ»ና «ዟሪ»ም ተቃራኒዎች ስለ ሆኑ አንዱ ሲነገር ሌላው ይታወሳል፤ በቃል በቃል ትርጉም የታጣው ልዩነት ይህ ነበር።

ቃሉ አንድ ጉድለት አለው። ርጉ የተባለው ማከማቻ ለብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በመሳቢያ ቢቀመጥ በሕዋሳቱ የታቆረው ክምችት ቀስ በቀስ ሊሸሽ ይችላል፤ ስሙ ይህን አይናገርም። ስለዚህ ፍቺው ሊናገረው ይገባል። በኮምፒዩተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ ተጠቃሚው የሚያየውም የእንግሊዝኛውን ፊደላት ስለ ሆነ፣ በመመሪያ ውስጥ የውሰት ቃሉ ከአማርኛው ጎን መቅረት የለበትም። አገባቡም የሚከተለው እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን።

ርጉ ማከማቻ (ቅጽልና ስም)፦ ኤስኤስዲ። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ መረጃን በሕዋሳት ውስጥ በኤሌክትሪክ ክምችት የሚይዝ ፈጣን ማከማቻ፤ ሥርዓተ ክወና የሚጫንበት፤ ያለ ኃይል ለረጅም ዘመን ሊቀመጥ የማይገባው።

ዟሪ ዲስክ (ቅጽልና ስም)፦ ሃርድ ዲስክ፣ በንግግር ሃርድ። በሚሽከረከሩ ክቦች ላይ መረጃን በማግኔት የሚጽፍ፣ ብዙ የሚይዝ ማከማቻ፤ ሰነዶችና ፎቶግራፎች የሚቀመጡበት፤ ከምትና በአየር የሚሠራ ከሆነ ከ3000 ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ ከፍታ የሚጠበቅ።